«እጅሽን አሳርፊው» እና ሌሎች የቡና ላይ ምክሮች፦ ከጡት ካንሰር በኋላ የአካል ብቃት ስለመለካት

ባሕር ዳር ላይ ማለዳ ጣና ዳር ብትወጡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ እናቶች ሲራመዱ ታያላችሁ። ከመካከላቸው የጡት ካንሰር ሕክምና የጨረሱም አሉ። ሐኪም «አካላዊ ብቃትሽ ይለካ» ሲላቸው ግን ቡና ላይ የሚሰሙት ምክር ሌላ ነው።

«መለካት ለሯጭ ነው»

አይደለም። ዋናው ምርመራ መራመድ ነው። ብዙውን ጊዜ 30 ሜትር በሆነ ቀጥ ያለ መተላለፊያ ላይ ለ6 ደቂቃ ትመላለሳለች፤ የሄደችው ርቀት በሜትር ይመዘገባል። ከደከማት ቆማ ማረፍ ትችላለች፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ሌላው እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው፤ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተነሣች ይቆጠራል። በዚህ ላይ የእጅ ጭብጥ ጥንካሬና ክንድ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚወጣ ይታያል። በቃ።

«ቀዶ ሕክምና በተደረገበት ጎን ያለው እጅ ክብደት አይንካ»

ይህኛው ሥር የሰደደ ነው፤ መነሻውም እውነት ነው። ብብት ውስጥ ያሉ ንፍፊቶች (የሰውነት ፈሳሽ የሚያጣሩ ትንንሽ ዕጢዎች) ሲወጡ ወይም ጨረር ሲያርፍባቸው የእጁ ፈሳሽ መመለሻ መንገድ ሊያጣና እጅ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ድሮ ሐኪሞችም «አሳርፊው» ይሉ ነበር። በፈረንጆቹ 2009 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ግን እጃቸው ያበጠ 141 ሴቶችን ወሰደ። ግማሾቹ መጭመቂያ እጅጌ (ክንድን አጥብቆ የሚይዝ ልብስ) አድርገው፣ ክትትል እየተደረገላቸው፣ ከትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ ክብደት አነሡ። ከዓመት በኋላ እብጠታቸው ካላነሡት አልባሰም። እንዲያውም እብጠቱ የሚያገረሽባቸው ቁጥር ያነሰ ሆነ።

ቁልፉ «ቀስ በቀስ» የሚለው ነው። ሞላ ያለ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ 20 ኪሎ ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን ማን ያነሣዋል? ከመጀመሯ በፊት ሁለቱም እጆች በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፣ ቁጥሩም ይጻፍ። በኋላ ልዩነቱ ከሰፋ ለሐኪም ይነገር። እጁ ከቀላና ከሞቀ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቀን መጠበቅ የለም።

«ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የምትውል ሴት ምን ትለካለች?»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ባሎች ናቸው፣ ይቅርታ። ምጣድ ፊት የምትውል ሴት የማይታዘዝ ትከሻዋን በሌላው እጇ ትሸፍነዋለች፤ ራሷም ልብ አትለውም። ጸጉሯን ልትሠራ ክንዷን ስታነሣ ነው የሚታወቃት።

«ድካም ካለ መተኛት ነው»

ከሕክምናው በኋላ የሚቀር ድካም በእንቅልፍ ብቻ አይለቅም። በመጀመሪያ ደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግር አለመሆኑ ይጣራ። ከዚያ በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ድካሙን ይቀንሳል። እየተራመደች ማውራት ከቻለች ፍጥነቱ ልኩ ነው።

«ማንም ሰዓት ይዞ ሊለካት ይችላል»

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዶክሶሩቢሲንና ትራስቱዙማብ የሚባሉት የጡት ካንሰር መድኃኒቶች ልብን ሊያደክሙ ይችላሉ። አንዳንድ የሆርሞን መድኃኒቶች አጥንት ያሳሳሉ። ካንሰሩ አጥንት ደርሶ ከሆነ ክብደት የሚነሣበት ፈተና እንደዋዛ አይሞከርም። ስለዚህ የሚለካት ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) የወሰደችውን መድኃኒት ማወቅ አለበት። ደረቷን ካመማት ወይም ካዞራት ምርመራው ወዲያው ይቆማል።

«ከእከሊት አነስኩ»

እከሊት ሌላ ሰው ናት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ቆላ ላይ ከተለካ ቁጥር ጋርም መወዳደር አያዋጣም። ማነጻጸሪያዋ የራሷ ያለፈ ወረቀት ነው፦ ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ጫማ። ሁዳዴ ላይ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ የተለካችው፣ ከፋሲካ በኋላ ቁርስ በልታ ከተለካችው ጋር አይነጻጸርም። የጾም ቀን ከሆነ «ቀጠሮዬን አሸጋሽጉልኝ» ማለት ነውር የለውም።