«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ በሸማኔው ጆሮ ሲሰማ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የሸረሪት ድር ነው። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ደካሞች ከተባበሩ ኃይለኛውን ይይዙታል። ድር ግን የሸማኔም ቃል ነው። በቁመት የሚወጠረው ክር ድር፣ በአግድም የሚገባው ማግ ይባላል። ሸረሪትም ሸማኔም ድር ያደራሉ። እኔ ተረቱን የምሰማው በሸማኔው ጆሮ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሸማኔ ጋቢ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እግሮቹ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ይመላለሳል። በመሀል ቀጥ አለ። ከዚያ ሁሉ ድር አንዲቷ ተበጥሳለች! ጣቱን በምራቁ አራሰ፣ ጫፍና ጫፏን ፈልጎ ቋጠራት። ዝም ብሎ ቢያልፋት ጋቢው ላይ በቁመቱ መስመር ትተዋለች። «ቢያብር» ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ስሞቹም ደስ ይላሉ። ሸማኔ ከሸማ የመጣ ነው። ፈታይ ደግሞ ከፈተለ። ገደለ ብለን ገዳይ፣ ከፈለ ብለን ከፋይ እንደምንለው ሁሉ «ለ» ወደ «ይ» ተለውጣ ነው። ፈታይዋ ሴት ናት። ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን ታወጣለች፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶ ታደርገዋለች፣ በእንዝርት ትፈትለዋለች። መንዝ ከወጣን ደግሞ የበጉ ጠጉር ተፈትሎ ባና የሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስና በርኖስ የሚባለው ካባ ይሆናል።

የሚከብደኝ «ጠቢብ» የሚለው ስም ነው። በግዕዝ ጥበበኛ፣ አዋቂ ማለት ነው፤ ሰሎሞንም ጠቢቡ ይባላል። በሰሜን ሸዋ ግን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ጠቢብ ሲባሉ ኖረዋል፤ ለክብር አልነበረም። ቡዳ ናቸው ተብለው ተፈሩ፣ ከእነሱ ጋር መጋባት ነውር ሆነ። ሸማውን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ሳምን፣ ሸማኔውን ሸሸነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በሠርግ ቀን የሙሽራዋን ቀሚስ አይተን «ጥበቡ ሲያምር!» እንላለን። ጥበቡን ያወጣው ሰው ግን ጠቢብ ሲባል ስድብ ነበር። እንተባበር ስንል የምንጠራው ድር፣ አብረነው ማዕድ ያልቆረስነው ሰው ያደራው ነው።