54ኛው የማሳቹሴትስ በጎ ፈቃደኛ እግረኛ ሬጅመንት

54ኛው የማሳቹሴትስ በጎ ፈቃደኛ እግረኛ ሬጅመንት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ከሰሜኑ ወገን ተሰልፎ የተዋጋ ጦር ነው። ተራ ወታደሮቹና የበታች ሹማምንቱ ጥቁሮች፣ መኮንኖቹ ደግሞ ነጮች ነበሩ። (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በጁላይ 1863 በፎርት ዋግነር ምሽግ ላይ ያደረገው ጥቃት ነው። ለእኔ ግን ከዚያ ምሽት የማያንስ ክብደት ያለው ነገር አለ፤ እነዚያ ወታደሮች እየተዋጉና እየሞቱ ዐሥራ ስምንት ወር ሙሉ ደመወዝ አንቀበልም ማለታቸው።

ጦርነቱ ሲጀመር ጥቁሮች ለመዝመት ቢጠይቁም መልሱ እንቢታ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ውጊያው ሲራዘምና ሰው ሲያልቅ ነው። በጁላይ 1862 ኮንግረስ ያጸደቀው ሕግ ጥቁሮች ለጦሩ እንዲያገለግሉ ፈቀደ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የወጣው የፕሬዚዳንት ሊንከን የነፃነት አዋጅ ደግሞ በግልጽ ለውትድርና በር ከፈተላቸው። የማሳቹሴትስ ገዥ ጆን አንድሩ የባርነት ብርቱ ተቃዋሚ ስለነበር ቀን አላባከነም፤ በዚያው ወር ከጦር ሚኒስትሩ ከኤድዊን ስታንተን የምልመላ ፈቃድ አገኘ። ይህ ጦር አንዳንዴ «የመጀመሪያው የጥቁሮች ጦር» ሲባል ይሰማል። ይህ ግን ልክ አይደለም፤ በሉዊዚያና፣ በሳውዝ ካሮላይናና በካንሳስ ከእሱ የቀደሙ ነበሩ።

በማሳቹሴትስ የሚኖሩት ጥቁሮች ሬጅመንት ለመሙላት የማይበቁ ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ መልማዮች እስከ ፔንሲልቬንያ፣ ኒውዮርክ፣ ኦሃዮና ካናዳ ድረስ ሄዱ። ከባርነት አምልጦ ስመ ጥር ተናጋሪና ጋዜጠኛ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ «ጥቁሮች ሆይ፣ ወደ ጦር መሣሪያ!» የሚል ጥሪ በጋዜጣው አወጣ፤ የሌላው ሰው ልጅ እንዲዘምት ሲቀሰቅስም የራሱን ልጆች ቤት አላስቀረም። ልጆቹ ሉዊስና ቻርልስ ተመዘገቡ፤ ሉዊስ የሬጅመንቱ ዋና ሳጅን ሆነ። የታወቀው የጥቁሮች መብት ታጋይ ማርቲን ዴላኒም ልጁን ላከ፤ የልጁ ስም ቱሳን ሉቨርቱር ነበር፣ በሄይቲው የነፃነት መሪ ስም የተሰየመ። ከተመዘገቡት ውስጥ ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ከኒው ቤድፎርድ ወደብ የመጣ መርከበኛ ነበረበት። አብዛኞቹ ነፃ የተወለዱ ሲሆኑ ከባርነት ያመለጡም ነበሩ። ማሠልጠኛቸው በቦስተን አቅራቢያ ሬድቪል የነበረው ካምፕ ሜግስ ነው። በሜይ ወር ሬጅመንቱ ሞልቶ ሰው ስለተረፈ፣ በተረፈው ሌላ ጦር፣ 55ኛው፣ ተቋቋመ።

አዛዥ ሆኖ የተሾመው ሮበርት ጉልድ ሾው የ25 ዓመት ወጣት፣ ባርነትን ከሚቃወም ባለጸጋ የቦስተን ቤተሰብ የተወለደ ነበር። ቀደም ሲል በዚሁ ጦርነት በአንቲተም ውጊያ ቆስሏል። ሹመቱ በአባቱ እጅ ሲደርሰው መጀመሪያ አልፈልግም አለ፤ ብዙ ሳይቆይ ሐሳቡን ለውጦ ተቀበለ። ሜይ 28 ቀን 1863 ከሺህ በላይ የሆኑት ወታደሮች በቦስተን ጎዳናዎች፣ በግዛቲቱ ምክር ቤት ፊት ለፊት ተሰልፈው አለፉ። ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ ሸኛቸው፤ በዚያው ቀን በመርከብ ወደ ሳውዝ ካሮላይና ተጓዙ።

የመጀመሪያው ዘመቻ ክብር የሌለው ሆነ። ጁን 11 ቀን በኮሎኔል ጄምስ ሞንትጎመሪ ትእዛዝ በጆርጂያ ግዛት ያለችው የዴሪየን ከተማ ስትዘረፍና ስትቃጠል የ54ኛው ወታደሮችም ተሳታፊ እንዲሆኑ ተደረገ። ሾው ድርጊቱ አሳፋሪ እንደሆነ ለቤተሰቡም ለአለቆቹም ጻፈ። የወታደሮቹ ትክክለኛ ፈተና የመጣው ጁላይ 16 ቀን በጄምስ ደሴት ነው። ማለዳ ጠላት በድንገት ሲያጠቃ 54ኛው ቀጥ ብሎ ተዋጋ፤ በዚህም ሊከበብ ተቃርቦ የነበረው 10ኛው የኮነቲከት ሬጅመንት ለማፈግፈግ ጊዜ አገኘ። ነጮቹ ወታደሮች ምስጋናቸውን በደብዳቤ ወደ ቤታቸው ጻፉ።

ፎርት ዋግነር

ዋግነር ከአሸዋና ከግንድ የተሠራ ምሽግ ነበር፤ በሞሪስ ደሴት ላይ ሆኖ ወደ ቻርልስተን ወደብ የሚወስደውን መንገድ ይጠብቃል። ወደ እሱ የሚያደርሰው በውቅያኖሱና በረግረጉ መካከል ያለ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ምሽጉ ሲቃረብ ይጠባል። ከፊቱ ውሃ ያቆረ ቦይ አለ። ጁላይ 18 ቀን የጄኔራል ኩዊንሲ ጊልሞር መድፎችና መርከቦች ቀኑን ሙሉ ደበደቡት። አዛዦቹ ተከላካዩ አልቋል ብለው ገመቱ። በእውነቱ ግን 1,700 ያህሉ ኮንፌዴሬቶች (ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ወታደሮች) በመሬት ውስጥ መጠለያቸው ተሸሽገው ነበር፤ ጥቂቶች ናቸው የሞቱባቸው።

የ54ኛው ሰዎች ከጄምስ ደሴት በዝናብና በረግረግ ውስጥ ሌሊቱን ተጉዘው፣ እንቅልፍ አጥተው፣ በቂ ምግብ ሳይቀምሱ ነው በዚያ ምሽት የደረሱት። ጄኔራል ጆርጅ ስትሮንግ ጥቃቱን እንዲመሩ ጥያቄ ሲያቀርብ ሾው እሺ አለ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው 600 ያህል ወታደሮች ጠመንጃቸው ላይ ሳንጃ ሰክተው በአሸዋው ላይ ገሰገሱ። ምሽጉ ሲቀርብ ከላይ ጥይትና መድፍ ወረደባቸው። ቦዩን ተሻግረው ዳገታማውን አሸዋ ወጥተው ጫፉ ላይ ደረሱ። ሾው እዚያው አናት ላይ ሆኖ ወታደሮቹን ሲጣራ ተመትቶ ወደቀ።

ሰንደቅ ዓላማ ያዡ ሲወድቅ ከኒው ቤድፎርድ የመጣው ሳጅን ዊልያም ካርኒ ሰንደቁን አንስቶ እስከ ምሽጉ ድረስ ይዞት ወጣ። ኖርፎክ ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። ደጋግሞ ቆስሎ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ሰንደቁን ወደ ወገኑ ካደረሰ በኋላ «ጓዶች፣ ሰንደቁ አንድ ጊዜ እንኳ መሬት አልነካም» አለ። የአገሪቱ ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት የሆነው የክብር ሜዳሊያ የተሰጠው ግን በ1900 ነው፣ ከ37 ዓመት በኋላ።

ተከታይ ሬጅመንቶችም ምሽጉን መያዝ አልቻሉም። የሰሜኑ ጦር በዚያ ምሽት 1,500 ያህል ሰው በሞት፣ በቁስልና በምርኮ አጣ፤ ከ54ኛው ብቻ ከ250 በላይ። ኮንፌዴሬቶቹ ሾውን ከጥቁር ወታደሮቹ ጋር በአንድ ጉድጓድ ቀበሩት፤ ለመኮንን ውርደት ይሆናል ብለው ነው። አባቱ ግን አስከሬኑ እንዳይነሳ ጠየቀ፤ ከወታደሮቹ መካከል የበለጠ የተቀደሰ ማረፊያ የለም አለ። ምሽጉ በመጨረሻ ከረጅም ከበባ በኋላ ሴፕቴምበር ላይ ተለቀቀ።

የተማረኩት ሌላ አደጋ ጠበቃቸው። ኮንፌዴሬቶቹ መሣሪያ የያዘ ጥቁርን እንደ ወታደር ሳይሆን እንደ ዐመፀኛ ባሪያ ነበር የሚቆጥሩት፤ ቅጣቱም ሞት ወይም ባርነት ነው። ሊንከን ጁላይ 30 ቀን አንድ ሰሜናዊ ወታደር በሕገ ወጥ መንገድ ቢገደል አንድ ደቡባዊ ምርኮኛ እንደሚገደል፣ አንዱ ቢሸጥ ደግሞ አንዱ በከባድ ሥራ እንደሚቀጣ አዘዘ።

13 ዶላርና 7 ዶላር

ሲመዘገቡ የተገባላቸው ቃል እንደ ማንኛውም ወታደር በወር 13 ዶላር ይከፈላችኋል የሚል ነበር። የ1862ቱ ሕግ ግን ለጥቁሮች የሚለው 10 ዶላር ነው፤ ከዚያም ላይ ለልብስ 3 ዶላር ይቆረጣል። በእጅ የሚደርሰው 7 ዶላር ብቻ። ሳጅንም ሆነ ተራ ወታደር ልዩነት የለውም።

ወታደሮቹ ገንዘቡን አንነካም አሉ። ከፋዩ መኮንን በመጣ ቁጥር ባዶ እጁን ይመለሳል። ማሳቹሴትስ ልዩነቱን ከራሷ ግምጃ ቤት ልትሞላ ብትወስንም ይህንንም አልተቀበሉም፤ ጥያቄያቸው የገንዘብ መጠን ብቻ ሳይሆን የፌዴራሉ መንግሥት እኩል ወታደር ብሎ ማመኑ ነበርና። ኮርፖራል ጄምስ ሄንሪ ጉዲንግ በሴፕቴምበር 1863 ለሊንከን በጻፈው ደብዳቤ ዋናውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጠ፦ «እኛ ወታደሮች ነን ወይስ የጉልበት ሠራተኞች?» ጉዲንግ መልሱን በእጁ ሳይጨብጥ በፍሎሪዳ በኦሉስቲ ውጊያ ተማረከና በጁላይ 1864 በአንደርሰንቪል የእስረኞች ካምፕ ሞተ።

ይህ እንቢታ ዋጋ ያስከፈለው ወታደሩን ብቻ አልነበረም። ቤት የቀሩ ሚስቶችና ልጆች ችግር ላይ ወድቀው ይጽፉ ነበር፤ አንዳንዶቹ እስከ ድሆች መጠለያ ደረሱ። ደብዳቤውን ያነበበ ወታደር ነገ ሊወስድ የሚችለው 7 ዶላር አለ፤ አይወስድም። ፎርት ዋግነር ላይ የተደረገው ጀግንነት አንድ ምሽት ነው፤ ይህ ግን በየወሩ እንደገና የሚወሰን ነበር።

ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1864 በፍሎሪዳ ኦሉስቲ ላይ ሰሜኑ ሲሸነፍ 54ኛው ኋላ ቀርቶ ማፈግፈጉን ሸፈነ። ወደ ውጊያው ሲሮጡ ጩኸታቸው «ማሳቹሴትስ፣ በወር ሰባት ዶላር!» የሚል ነበር። በማፈግፈጉ ጊዜ ቁስለኛ የጫነ ባቡር ተበላሽቶ ቆመ። ወታደሮቹ ገመድ አስረው በክንዳቸው እየጎተቱ ቁስለኞቹን ከምርኮ አዳኑ።

ጁን 1864 ኮንግረስ የእኩል ክፍያ ሕግ አወጣ፤ ነገር ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ሙሉ ክፍያ የሚያገኙት በኤፕሪል 19 ቀን 1861 ነፃ የነበሩት ብቻ ነበሩ። በጦሩ ውስጥ ደግሞ በዚያ ቀን ባሪያ የነበሩ አሉ። ከሾው በኋላ አዛዥ የሆነው፣ ከኩዌከር (ጦርነትንና ባርነትን የሚቃወም የክርስትና ወገን) ቤተሰብ የመጣው ኮሎኔል ኤድዋርድ ሃሎዌል መላ አገኘ። እያንዳንዱ ወታደር በዚያ ቀን ማንም ያለ ክፍያ ሊያሠራው መብት እንዳልነበረው እንዲምል ተደረገ። በእግዚአብሔር ሕግ መብት የነበረው ሰው የለምና ከባርነት ያመለጡትም ሳይዋሹ ማሉ። በ1864 መኸር ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።

ሌላው የተጎተተ ጉዳይ የመኮንንነት ማዕረግ ነው። በኦሉስቲ የቆሰለው ሳጅን ስቲቨን ስዌይልስ በ1864 መጀመሪያ በገዥ አንድሩ ቢሾምም የጦር ሚኒስቴሩ ማዕረጉን ያጸደቀለት በጃንዋሪ 1865 ነው።

ሬጅመንቱ በኖቬምበር 1864 በሃኒ ሂል ተዋጋ፤ የመጨረሻ ውጊያው በቦይኪንስ ሚል፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1865 ነበር፤ የኮንፌዴሬቶቹ ዋና የጦር መሪ ጄኔራል ሊ እጁን ከሰጠ ከዘጠኝ ቀን በኋላ። በኦገስት ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ከአገልግሎት ተሰናበተ፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ቦስተን ተመልሶ ተበተነ። በጠቅላላው በጦርነቱ 180,000 ያህል ጥቁሮች ለሰሜኑ ጦር ዘምተዋል፤ ከጦሩ አንድ አሥረኛ ገደማ ማለት ነው።

ቦስተን ውስጥ፣ በምክር ቤቱ ፊት ለፊት፣ በ1863 ያለፉበት ጎዳና ላይ የነሐስ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ቀራጺው ኦገስተስ ሴንት ጎደንስ 14 ዓመት ደክሞበት በሜይ 31 ቀን 1897 ተመረቀ። ሾው በፈረስ፣ ወታደሮቹ በእግር፣ እያንዳንዱ የራሱ ፊት ያለው ሆኖ ተቀርጸዋል። በሐውልቱ ላይ የሞቱት ነጭ መኮንኖች ስም ሲጻፍ የጥቁሮቹ ወታደሮች ስም አልተጻፈም ነበር። በዋግነር የወደቁት ወታደሮች ስም የተቀረጸው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው።