ሜሶቴሊዮማ ምንድን ነው? ምልክቶቹስ እንዴት ይታወቃሉ?

ሳንባችን በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ሽፋኑ ሁለት ንብርብር አለው፤ አንዱ ሳንባውን፣ ሌላው የደረትን የውስጥ ግድግዳ ይለብሳል። በመሃላቸው ጥቂት ፈሳሽ አለ። ስንተነፍስ ሁለቱ ሳይፋተጉ የሚንሸራተቱት በእሱ ነው። ሆድ ዕቃንና ልብንም እንዲህ ያለ ሽፋን ይሸፍናቸዋል። ሜሶቴሊዮማ ከዚህ ሽፋን የሚነሳ ካንሰር ነው። ብዙ ሰው ከሳንባ ካንሰር ጋር ይቀላቅለዋል፤ ግን የተለየ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የሳንባን ሽፋን ነው፤ ቀጥሎ የሆድን።

ዋናው መንስኤ አስቤስቶስ ነው። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ፣ እንደ ክር የሚተረተር ማዕድን ነው። እሳት አይበላውም፣ ሙቀት አያሳልፍም። ለዚህ ሲባል በጣሪያ ክዳን፣ በውኃ ቧንቧ፣ በቦይለር መጠቅለያ፣ በፍሬን ሸራና በመርከብ ውስጥ ሲገባ ኖሯል። ሲቆረጥ ወይም ሲሰበር ብናኙ ይነሳል። ወደ ሳንባ የገባውን ብናኝ ሰውነት ማሟሟት ስለማይችል እዚያው ይቀራል። በሽታው ብቅ የሚለው ታዲያ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ፣ ያንን ሥራ ከነአካቴው ረስቶታል።

በ1960 እ.ኤ.አ. ዋግነር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከደቡብ አፍሪካ 33 ታማሚዎችን ይዘው ጥናት አወጡ። አብዛኞቹ ከአስቤስቶስ ማዕድን አካባቢ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ከመካከላቸው ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ፣ ልጅነታቸውን ብቻ እዚያ ያሳለፉ ሰዎችም ነበሩ። በሌላም ቦታ የባላቸውን የሥራ ቱታ እያራገፉ ያጠቡ ሴቶች ታመዋል። ስለዚህ "እኔ ፋብሪካ ሠርቼ አላውቅም" ማለት ብቻውን አያስተማምንም። "ሲጋራ አላጨስም" ማለትም እንደዚያው ነው፤ ሲጋራ ለዚህ ካንሰር መንስኤ አይደለምና።

ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው የትንፋሽ ማጠር ነው፤ አመጣጡም ቀስ ብሎ ነው። ሰውዬው ደረጃ ሲወጣ ግማሽ ላይ ይቆምና መደገፊያውን ይይዛል። "ዕድሜ ነው" ይላል። ከጊዜ በኋላ የጫማውን ክር ሊያስር ሲያጎነብስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ውሎ አድሮ ያለ ሁለትና ሦስት ትራስ መተኛት ያቅተዋል። ውስጥ የሆነው ምንድን ነው? በሁለቱ ንብርብሮች መሃል ፈሳሽ ተጠራቅሟል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ። ሳንባው መዘርጊያ ቦታ አጥቷል። ሐኪም በመርፌ ሲቀዳው አንዳንዴ ከሊትር በላይ ይወጣል፤ ታማሚውም ወዲያው ቀለል ይለዋል።

እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ተቀድቶ፣ እፎይ ተብሎ፣ ተመልሶ ከሞላ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ደጋግሞ እየቀዱ ወደ ቤት መመለስ ብቻ አይበቃም፤ ለምን እንደሚመለስ መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው የደረት ሕመም ነው። በአንድ ጎን የሚከብድ፣ የማይለቅ፣ አንዳንዴ ወደ ትከሻ የሚዘልቅ። ደረቅ ሳል፣ ድካም፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳትም ይከተላሉ። ይህን ሁሉ ሳንባ ነቀርሳም ያመጣዋል፤ ስለዚህ በቀላሉ ይምታታል። ለሳንባ ነቀርሳ የተሰጠ መድኃኒት በሥርዓቱ ተወስዶ ለውጥ ከሌለ፣ ሌላ ነገር እንዲታይላችሁ ጠይቁ።

የሆዱ ዓይነት ሲሆን መልኩ ሌላ ነው። ፊትና ክንድ እየከሳ ሆድ ብቻ ይነፋል። ቀበቶው ይጠባል፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ይሰፋል። ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ ጥቂት ቀምሶ መጥገብም ይመጣል።

ምልክቶቹ ብቻቸውን ሜሶቴሊዮማ ነው አያሰኙም። ኤክስሬይና ሲቲ ስካን ፈሳሹንና የወፈረውን ሽፋን ያሳያሉ። የተቀዳው ፈሳሽ ሲመረመር ግን ብዙ ጊዜ ቁርጡን አይናገርም። ቁርጡ የሚታወቀው ከሽፋኑ ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ ሲመረመር ነው። ከባድ በሽታ ነው፤ ቢሆንም ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒና የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች አሉ። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው በሽታው የደረሰበት ደረጃና የታማሚው አቅም ነው።

ሐኪሙ ያየው የዛሬውን ደረት እንጂ የ30 ዓመት በፊቱን ሥራ አይደለም። ባይጠይቃችሁም ንገሩት። ከመሄዳችሁ በፊት ከመጀመሪያው ሥራችሁ ጀምሮ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁለት ወር ብቻ የተሠራም ቢሆን፦ ግንባታ፣ ማፍረስ፣ ጋራዥ፣ ቧንቧ፣ መርከብ። የአባትንና የባልን ሥራም ጨምሩበት። ቱታውን ማን ያጥብ እንደነበር ጭምር።