ቼዝና ኮምፒውተር፦ «ፍጥነቱ ብቻ ነው» ለምትሉኝ

ቼዝ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህችን አባባል ያልሰማሁበት ሳምንት የለም፦ «ኮምፒውተር ግራንድማስተሮችን (ከፍተኛውን የቼዝ ማዕረግ የያዙትን) የሚያሸንፈው ፈጣን ስለሆነ ብቻ ነው፤ ቼዝማ አያውቅም።» ወላጆች ይሏታል፤ ተማሪዎች ይሏታል፤ ጠጠር ነክተው የማያውቁት ደግሞ ከሁሉም በላይ እርግጠኛ ሆነው ይሏታል።

እስቲ ቁጥሮቹን እንያቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኒው ዮርክ ላይ በወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 የረታው ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቋሞችን (የጠጠሮች አሰላለፎችን) ይመረምር ነበር። በ2009 ፖኬት ፍሪትዝ 4 የተባለው የቼዝ ፕሮግራም በእጅ ስልክ ላይ ተጭኖ ቦነስ አይረስ ውስጥ ከሰዎች ጋር ተወዳድሮ ከ10 ጨዋታ 9.5 ነጥብ ሲወስድ ግን ፍጥነቱ በሴኮንድ 20,000 እንኳ አይሞላም ነበር። በ2017 ደግሞ አልፋዜሮ የተባለው ፕሮግራም ስቶክፊሽ ከተባለው ሌላ የቼዝ ፕሮግራም ጋር 100 ጊዜ ገጥሞ 28 አሸነፈ፣ 72 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። አልፋዜሮ በሴኮንድ የሚያየው 80,000 አቋም፣ ስቶክፊሽ 70 ሚሊዮን! (የስቶክፊሽ ቅንብር አልተመቻቸም የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ነገር ግን በተሻለ ቅንብር በተደረጉት 1,000 ጨዋታዎችም አልፋዜሮ 155 አሸንፎ የተሸነፈው 6 ብቻ ነው።) ቀርፋፋው ፈጣኑን የረታው የትኛው እርምጃ ሊታሰብበት እንደሚገባ መለየት ስለቻለ ነው። እኛ አሰልጣኞች ይህንን «ዓይን» እንለዋለን፤ የሰው ብቻ ይመስለን ነበር።

«እስከ ጨዋታው መጨረሻ ሁሉንም ያያል» የሚሉም አሉ። አያይም። እስከ ጥጉ የተፈቱት ንጉሦቹን ጨምሮ 7 ጠጠር የቀረባቸው አቋሞች ናቸው፤ ጨዋታ የሚጀመረው በ32 ነው።

«ጎበዝ ሰው ቀን ሲወጣለት ያሸንፋል»? ቀርቷል። በወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ቭላድሚር ክራምኒክ በ2006 ቦን ላይ ዲፕ ፍሪትዝ በተባለው ፕሮግራም 4 ለ 2 ተሸንፏል፤ በሁለተኛው ጨዋታ ፕሮግራሙ በአንድ እርምጃ ማት እንደሚያደርገው (ንጉሡን መውጫ እንደሚያሳጣው) ሳያይ ቀርቷል።

ይኸውና የዚህ ሁሉ መዘዝ። አንድ ተማሪዬ የታላላቆችን ጨዋታ የቼዝ ፕሮግራም ማን እንደሚበልጥ በሚያሳይበት ቁጥር እየመዘነ «ይህ ሰውዬ እኮ ምንም አያውቅም» ማለት ለመደ። አንድ ቀን ማሳያውን አጠፋሁና «አሸናፊ» ያለውን አቋም ሰሌዳ ላይ ደርድሬ ከእኔ ጋር እንዲጫወተው አደረግሁ። በአሥራ አንደኛው እርምጃ ንግሥቱን አጣ። ቁጥሩ የሚነግረው ቀጣዮቹን እርምጃዎች ሁሉ ልክ እንደ ማሽኑ ለሚጫወት ነው፤ እርሱ ደግሞ የመጀመሪያውን እንኳ ለምን እንደሆነ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ጨዋታችሁን ስትመረምሩ መጀመሪያ ያሰባችሁትን በወረቀት ጻፉ፤ የት እንደፈራችሁና የትኛውን እርምጃ ለምን እንደተዋችሁ ጭምር። ፕሮግራሙን ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ከእናንተ ጋር ካልተስማማ የእርሱን እርምጃ አትሸምድዱ፤ የራሳችሁን ተጫውታችሁ ምን ብሎ እንደሚቀጣችሁ እዩ።

ያ ተማሪዬ አሁን ወረቀቱን ያወጣል። ቁጥሩን ግን እስካሁን በጎን ዓይኑ ይሰርቃል።