ቻንኪዮ፦ አሥራ ሦስቱ የፀሐይ ማማዎች

በሰሜናዊ ፔሩ የባሕር ጠረፍ ካስማ የሚባል ሸለቆ አለ። ከወንዙ ዳር ያለው እርሻ ካለቀ በኋላ ዙሪያው አሸዋና ራቁት ተራራ ነው። እዚያ በአንድ ዝቅ ያለ ኮረብታ ጀርባ ላይ 13 የድንጋይ ማማዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰልፈው ቆመዋል። ሰልፉ 300 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከሩቅ ሲያዩት የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል። ቦታው ቻንኪዮ ይባላል። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ250 ዓመት አካባቢ ነው።

ለረጅም ጊዜ የሰዉን ቀልብ የሳበው ግን ሌላ ነገር ነበር። አጠገቡ ካለው ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ፣ በሦስት ዙር ወፍራም ግንብ የታጠረ ትልቅ ሕንፃ አለ። ምሽግ ነው ወይስ ቤተ መቅደስ የሚለው ክርክር ብዙ አነጋግሯል። የማማዎቹ ጉዳይ በደንብ የተብራራው ፔሩያዊው ኢቫን ጌዚና እንግሊዛዊው ክላይቭ ራግልስ በ2007 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን ሲያወጡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማማዎቹ በስተምዕራብ 40 ሜትር ያህል የሚረዝም ኮሪደር ያለው ሕንፃ ነበር። ኮሪደሩ የሚያበቃው ፊቱን ወደ ማማዎቹ ባዞረ በር ላይ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ንጋትን የሚጠብቅ ሰው ሰኔ አጋማሽ ላይ ፀሐይ ከሰልፉ በስተግራ ጫፍ ስትወጣ ያያል። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቀኝ ጫፍ ትደርስና መልሳ ወደ ግራ ትጀምራለች። መሐል አካባቢ ፈጣን ናት፤ ከአንዱ ክፍተት ወደ ቀጣዩ ለመሻገር አሥር ቀን ገደማ ይበቃታል። ጫፍ ላይ ስትደርስ ግን ለቀናት የቆመች ትመስላለች። ከጫፎቹ በቀር፣ ተመልካቹ ዛሬ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ቢሳሳት በሁለት በሦስት ቀን ነው። በስተምሥራቅ ደግሞ የፀሐይ መጥለቂያን ለማየት የሚሆን ሌላ ቦታ አለ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግራ ጫፉ ነው። እዚያ አሥራ አራተኛ ማማ አልሠሩም። ሙቾ ማሎ የሚባለው ተራራ ተዳፋት በስተግራ ስላለ፣ በእሱና በመጀመሪያው ማማ መካከል ያለው ክፍተት ምልክት ሆኖ አገለገላቸው። ያለውን መጠቀም ይሏል ይኼ ነው!

ሌሎች የጥንት ሐውልቶችም ከፀሐይ ጋር ይገጥማሉ። በአየርላንድ የኒውግሬንጅ መቃብር ውስጥ የታኅሣሥ የንጋት ብርሃን ለጥቂት ደቂቃ ይገባል። የእንግሊዙ የድንጋይ ክብ ስቶንሄንጅም የሰኔውን ረጅም ቀንና የታኅሣሡን አጭር ቀን ይይዛል። እነዚህ የዓመቱን ጫፍ ነው የሚነግሩህ። ቻንኪዮ መሐሉንም ይቆጥራል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ድካም ለምን? የፔሩ ጠረፍ ዝናብ አያውቅም ማለት ይቻላል። እርሻው የሚኖረው ከአንዲስ ተራሮች በሚወርድ ወንዝ ነው። ወንዙ የሚሞላው ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። ጊዜውን ቀድሞ ማወቅ ዋጋ ነበረው። ግን እርሻ ብቻ አይመስልም። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ብዙ ሰው አያስገባም። በሩ አካባቢ ለመባ የተቀመጡ የሸክላ ዕቃዎችና ዛጎሎች ተገኝተዋል። ቀኑን የሚያየው ጥቂት ሰው፣ የሚነገረው ለሕዝብ ከሆነ፣ ሥልጣኑ ማን ጋ እንደነበር መገመት አያቅትም።

በነገራችን ላይ ቻንኪዮ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ይርቃል። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በአድማሱ ላይ የምትመላለስበት ስፋት በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቦታ መርጦ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ንጋቱን የሚከታተል ሰው፣ ፀሐይ ከአንዱ ሕንፃ ጀርባ ወደ ሌላው ስትሸሽ ያያታል።

ቻንኪዮ ብዙ ዕድሜ አላገኘም። ባለሦስት ግንቡ ሕንፃ ሲፈርስ ቦታው ተተወ። ከ1,700 ዓመት ገደማ በኋላ ኢንካዎች በዋና ከተማቸው በኩስኮ ዙሪያ የፀሐይ ዓምዶች እንዳቆሙ የስፔን ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እነዚያ ዓምዶች ዛሬ የሉም። ቻንኪዮ ግን በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የምድር ዛቢያ ዝንባሌ ማማዎቹ ከተሠሩ ወዲህ በጥቂቱ ቢቀየርም፣ ፀሐይ ጫፍ የምትደርስበት ቦታ የተዛነፈው ከራሷ ስፋት ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ማማዎቹ ዛሬም ቀን ይቆጥራሉ።