ጭራቅ የሌለበት ፍርሃት፦ የኤድዋርድ ጎሪ አሣሣል ምንድን ነው?

በሠዓሊና ደራሲው ኤድዋርድ ጎሪ ሥዕሎች ጭራቅ ብዙም አይገጥምም፤ ደምም እምብዛም አይፈስም። ያለው መጋረጃው የከበደ ሳሎን፣ ረጅም ካፖርት የደረበ ሰውዬና ምን እንደሚጠብቀው ያላወቀ ሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የፊደል መጽሐፍ ለ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት 26 ሕፃናት ይሞታሉ። ግጥሙ እንደ ልጆች መዝሙር ቤት ይመታል፤ ሥዕሎቹ ደግሞ ባመዛኙ አደጋው ሊደርስ ሲል ያለችውን ቅጽበት ይዘው ይቀራሉ። የሚያስቀውም የሚያስፈራውም ይሄ እርጋታ ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አያ ጅቦም በተረት ውስጥ በጨዋ አንደበት ሲያወራ ቆይቶ ነው የሚበላው።

ጨለማው የሚሠራው በመስመር ነው። ለመሞከር በ0.1 ሚሊሜትር እስክሪብቶ 3 በ3 ሴንቲሜትር ካሬ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር ያህል እያራራቁ ወደ አንድ አቅጣጫ ማስመር። ሲደርቅ ሁለተኛውን ዙር በ30 ዲግሪ ገደማ አጋድሞ ማቋረጥ፤ ቀጥ አድርገው በ90 ካቋረጡት ወንፊት ይመስላል። ሦስተኛው ዙር ጥጋ ጥጉን ብቻ ይነካል፤ ሰው ሲሥሉ ደግሞ ፊቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ጀማሪን የሚጥለው ሁሉንም እኩል ማጥቆር ነው፤ ያኔ ጨለማው የግድግዳ ቀለም ይሆናል። ሁለተኛው ጠላት ወረቀት ነው። ከፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች የሚገዛው በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን የፎቶኮፒ ወረቀት ቀለም ያሰርጋል፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ይቦጨቃል፤ ከ200 ግራም የማያንስ ልሙጥ ወረቀት ይሻላል። በሐምሌ እርጥበት ቀለሙ ቶሎ ስለማይደርቅ ከመዳፍ ሥር ቁራጭ ወረቀት ማድረግ ነው። ጎሪ የሚሥለው መጽሐፉ ላይ በሚታተምበት መጠን ስለነበር አሳንሶ ስህተት የመደበቅ ዕድል አልነበረውም።

ብዙዎች የድሮ እንግሊዛዊ ይመስላቸዋል። የቺካጎ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ተወልዶ በ2000 ሞተ። ሥዕል በትምህርት ቤት የተማረው ጥቂት ነው፣ ሃርቫርድ ያጠናው ፈረንሳይኛ ነው፤ ከዚያ ኒውዮርክ ውስጥ የመጽሐፍ ሽፋን ይሠራ ነበር። የጨለማውን ሰበብ በልጅነቱ ቁስል ውስጥ መቆፈር ብዙ አያስገኝም። ይልቅ ባሌት የሚባለው የመድረክ ዳንስ ይጠቅማል፦ ለዓመታት የኒውዮርክ ሲቲ ባሌትን ትርዒት ሳያሰልስ ተመልክቷል። ሥዕሎቹን ሲያዩ እግር እግሩን ይመልከቱ፤ ሞት ፊት የቆመው ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ጣቶቹን ወደ ውጭ አዙሮ እንደ ዳንሰኛ ነው የቆመው።