ስለ ንግርና ምልሰት ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ውስጥ አጭር ልብ ወለድ የሚጽፉ ወጣቶች ሥራቸውን ያሳዩኛል። ደስ እያለኝ ነው የማነበው። ስንገናኝ ከምንም በላይ የምንከራከረው ስለ ጊዜ ነው፤ ታሪኩ መቼ ወደፊት ይጠቁም፣ መቼስ ወደኋላ ይመለስ። ፍቺውን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ንግር ወደፊት የሚመጣውን ቀድሞ መጠቆም ነው። ምልሰት ደግሞ የታሪኩን ጉዞ ገታ አድርጎ ወዳለፈው መመለስ ነው። ለፈተና ይህ ይበቃል። ለመጻፍ ግን አይበቃም።

ምሳሌ የምወስደው በብዛት ከዮሴፍ ታሪክ ነው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያን ቤት ያደገውም ሙስሊም ቤት ያደገውም ያውቀዋል፤ አንዱ ከዘፍጥረት፣ ሌላው ከሱረቱ ዩሱፍ። ለአማኙ ይህ ከድርሰት በላይ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ የማየው አተራረኩን ብቻ ነው።

«መጨረሻው ከተጠቆመ ልብ ሰቀላው ይሞታል»

አይሞትም። ዮሴፍ ፀሐይ፣ ጨረቃና አሥራ አንድ ከዋክብት ሲሰግዱለት በሕልሙ ያያል። በሱረቱ ዩሱፍ ይህ የሚነገረን በ4ኛው አንቀጽ ነው። ፍጻሜው የሚመጣው በ100ኛው ነው። ሱራው በጠቅላላ 111 አንቀጽ ነው። እንግዲህ አድማጩ ገና ከጅምሩ መጨረሻውን ይዟል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ትንፋሹን ይዞ ይሰማል? ከሕልሙ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ሕልሙን የሚያፈርስ ስለሚመስል ነው። ጉድጓድ ይጣላል። ይሸጣል። ይታሰራል። «ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ተመልሷል፤ «ከዚህ ተነስቶ እንዴት እዚያ ይደርሳል?» የሚለው ግን ገና ነው። ሰውን ይዞ የሚያቆየው ይሄኛው ነው።

አማርኛችንም ምሳሌ አያጣም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ሲታተም መቃብሩን በርዕሱ ላይ ይዞ ነው የወጣው። አንባቢ ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ተከትሎታል።

«ንግር ቁራ ሲጮህ፣ ሰማይ ሲጠቁር ነው»

ይህ በጣም የተለመደው ነው። አንድ ሰው ሊሞት ሲል ውሻ ያላዝናል፣ ነፋስ መስኮት ይበረግዳል፣ ደመና የቶሳን ተራራ ይሸፍናል። ካልሆነም ደራሲው ራሱ ብቅ ይልና «ያ ቀን ሕይወቱን ለዘላለም እንደሚቀይረው አላወቀም ነበር» ይለናል። ይህ አንባቢን በክርን እንደመጎሸም ነው። «ተዘጋጅ፣ ሊመጣ ነው!»

ጥሩ ንግር ብዙ ጊዜ ንግር አይመስልም። ሌላ ሥራ እየሠራ ነው የሚያልፈው። ሐይቅ ላይ ታንኳ ተገልብጦ አንድ ወጣት የሚሰጥምበት ታሪክ እየጻፋችሁ ነው እንበል። መጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ብትሉስ?

«ሰይድ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ጓደኞቹ እስከ ወገባቸው ገብተው መረቡን ሲጎትቱ እሱ ዳር ቆሞ ገመድ ይጠቀልላል። “ና እንጂ!” አሉት። “ጫማዬን ማን ሊጠብቅ?” አላቸው። ሳቁበት።»

አንባቢም አብሮ ይስቃል። ሰይድን ሰነፍ፣ ወይም ጫማ ወዳድ አድርጎ ይይዘዋል። ዋና አለመቻሉን ማንም አልተናገረም። ታንኳው ሲገለበጥ ግን አንባቢው ወደዚያ ጫማ በሐሳቡ ይመለሳል። ንግሩ ሥራውን የሚሠራው ያኔ ነው። የተጻፈው ፊት ላይ ሆኖ የሚገባን ኋላ ላይ ነው። ቁራው ግን የጮኸ ዕለት ነው ሥራውን የጨረሰው።

በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ የዮሴፍን ቀሚስ ተከተሉት። መጀመሪያ የውሸት ደም ተቀብቶ አባቱ ፊት ይቀርባል። ቀጥሎ ከኋላው ተቀዶ ንጽሕናውን ይመሰክራል። በመጨረሻ ዓይኑ በሐዘን በጠፋው አባት ፊት ላይ ይጣላል፤ ዓይኑም ይበራል። ልብሱ ያው አንዱ ባይሆንም፣ ቀሚስ በመጣ ቁጥር የበፊቱን እንድናስታውስ ያደርገናል። አንድ ዓይነት ዕቃ በታሪክ ውስጥ እንዴት እንደሚመላለስ ለመማር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

«ቼኾቭ ያለው ጠመንጃ ይህንኑ ነው»

በከፊል ብቻ። የሩሲያው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ በ1889 (እ.ኤ.አ.) በጻፈው ደብዳቤ፣ ማንም ሊተኩሰው የማያስብ ከሆነ የጎረሰ ጠመንጃ መድረክ ላይ እንዳይቀመጥ መክሯል። ምክሩ በዋናነት ትርፍ ነገርን ስለ ማውጣት ነው። ጓዳ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ንግር መሆን አለበት ማለት አይደለም። ጀበና ቡና ሊፈላበት ብቻ ሊኖር ይችላል።

«ምልሰት ማለት ገጸ ባሕርይው ትዝ ሲለው ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ታሪክ የሚሞተው እዚህ ነውና። እኛ ባቲና አምባሰል ቅኝት የተሰየመበት አገር ልጆች ነን፤ ትዝታም ሆዳችን ውስጥ ነው። ስለዚህ ገጸ ባሕርያችን መስኮት ዳር ቁጭ ይልና ይቆዝማል። የልጅነት መስክ፣ የእናት ጓዳ፣ የቡና ሽታ። ያምራል። ግን ከቁዘማው ሲነሳ ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው። ምንም አልተለወጠም። ይህ ስሜት ነው፤ ምልሰት ለመባል አንድ ነገር ይጎድለዋል። ምልሰት ቀድሞ ያልነበረን አዲስ ነገር ይዞ መጥቶ፣ አሁን የሚሆነውን መንካት አለበት።

ዘፍጥረት 37ን አንብቡ። ወንድሞቹ ዮሴፍን ጉድጓድ ውስጥ ይጥሉታል፤ ከዚያም እንጀራ ሊበሉ ይቀመጣሉ። ዮሴፍ ምን እንዳለ አንድ ቃል አልተጻፈም። ጉድጓዱ ዝም ነው። ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ። በታሪኩ መጀመሪያ 17 ዓመቱ የነበረው ልጅ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሆኖታል። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታትም ያልፋሉ። ረሃብ ይገባል። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ግብፅ ይወርዳሉ፣ ማንነቱንም ሳያውቁ ይሰግዱለታል። ምዕራፍ 42 ላይ ሲጨንቃቸው እርስ በርስ ያወራሉ፤ ያኔ እየለመነን፣ ጭንቀቱን እያየን አልሰማነውም ይባባላሉ።

ለካ ይለምናቸው ነበር! ይህን ምዕራፍ 37 አልነገረንም። አሁን ወደዚያ ምሳ ተመለሱ። እንጀራ የቆረሱት ልመናው ጆሯቸው ውስጥ እያለ ነው። ትዕይንቱ ከአምስት ምዕራፍ በኋላ ተለወጠብን። ደግሞ እዚህ አላበቃም። መሐላቸው አስተርጓሚ ስላለ የሚሰማቸው አልመሰላቸውም። ዮሴፍ ግን ሰምቷል። ዘወር ብሎ ያለቅሳል።

ሁለት መስመር ንግግር ናት፤ ያለፈውን ቀየረች፣ አሁን ያለውንም ሰው አስለቀሰች። አንድ ሙሉ ገጽ ቁዘማ ይህን አያደርግም።

ስለዚህ ድርሰቱን ለሚያሳየኝ ልጅ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ይህን ምልሰት ብናወጣው ቀጥሎ ያለው ትዕይንት ምን ይጎድለዋል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ይውጣ፤ ቢያምርም ይውጣ።

«ምልሰት ከፊልም የመጣ ነው»

ከፊልም እጅግ ይቀድማል። በሆሜር ስም የሚታወቀው ኦዲሴይ ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከ24ቱ ክፍሎቹ ከ9ኛው እስከ 12ኛው ባለታሪኩ በእንግድነት ተቀምጦ ያሳለፈውን የሚተርክበት ነው።

«ምልሰት ውስጥ ሁሉም ግሥ ነበር ይከተለዋል»

ይህ የራሳችን የአማርኛ ጣጣ ነው። ያለፈ መሆኑ እንዳይጠፋ ብለን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በ«ነበር» እንቸነክረዋለን። «አባቷ ከባቲ ተመልሶ ነበር። ግመሎቹን አስሮ ነበር። ጨው አምጥቶ ነበር። እናቷ ቡና አፍልታ ነበር።» አራተኛው ላይ ጆሮ ይደክማል፤ ሰዎቹም ከሩቅ የሚታዩ ጥላዎች ይሆናሉ።

በሩን ለመክፈት አንድ ወይም ሁለት «ነበር» ይበቃል። ከገባችሁ በኋላ በተራ ኃላፊ ጊዜ ቀጥሉ።

«አባቷ ከባቲ የገባው በጨለማ ነበር። ግመሎቹን አሰረ። ጨዉን አወረደ። እናቷ ረከቦቱን አቅርባ ጠበቀችው። አልተቀመጠም።
“ስኒው ሞልቶ ፈሰሰ እኮ፣ ዘሃራ!” አለች አክስቷ።»

መመለሻውንም ልብ በሉት። «ከሐሳቧ ባነነች» አላልንም። አሁን ያለ ሰው ተናገረ፣ አሁን ያለ ቡና ፈሰሰ፤ አንባቢ ሳይነገረው ተመለሰ። ያ «አልተቀመጠም» ደግሞ እንዲሁ አይቀርም። አባቷ ለምን እንዳልተቀመጠ ዘሃራም አንባቢም መጠየቅ ይጀምራሉ። ምልሰቱ ወደኋላ እያየ ወደፊትም ጠቆመ። ሁለቱን ብልሃቶች ለየብቻ ስለተማርናቸው ለየብቻ የሚሠሩ ይመስለናል እንጂ፣ በጥሩ ድርሰት ውስጥ እንዲህ ተያይዘው ነው የሚሄዱት።

«አንባቢ ታሪኩን ስለሚያውቀው ንግር አያስፈልግም»

ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚሞክሩ ልጆች ይህን ይሉኛል። ውጫሌ ቅርባችን ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ ስንሄድ እናልፈዋለን። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የካቲት 23 ቀን 1888 ደግሞ አድዋ። «ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ የፊርማው ትዕይንት ብቻውን ያስጨንቃል» ይባላል።

አዎ፣ የሚያውቀውን ያስጨንቃል። ያ ግን አንባቢው ከቤቱ ይዞት የመጣው ዕውቀት ነው። ንግር ድርሰቱ ውስጥ መተከል አለበት። እኔ ብሆን ከፊርማው በፊት ሁለት የአምባሰል ገበሬዎችን ሽማግሌ ፊት አቀርባለሁ። ስለ አንድ በሬ ኪራይ በቃል ተዋውለዋል፤ አንዱ «ስትፈልግ ውሰደው» የተባለ መስሎታል፣ ሌላው «በየሳምንቱ ትወስዳለህ» ማለቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ማስታረቅ ያቅታቸዋል። ስለ ጣሊያን አንድም ቃል የለም። አድዋን ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ እንኳ ፊርማው ላይ ሲደርስ ልቡ ይጠረጥራል።

«ንግርን የሚያውቅ ደራሲ ሲጀምር ጀምሮ ይተክለዋል»

አንዳንዱ ይችላል። አብዛኛው ሰው ግን መጨረሻውን ጽፎ ካላየ ምን መጠቆም እንዳለበት አያውቅም፤ ይህም ነውር የለበትም። መጀመሪያ ጨርሱት። ከዚያ ተመለሱና ሁለት ቦታ ላይ፣ ሌላ ነገር በሚሆንበት ዓረፍተ ነገር መሐል አስገቡት። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። እያነበበ ከነቃባችሁ ቀንሱ። ጨርሶም ካላስታወሰው ትንሽ አጉሉት።